የቅዳሜ ማኅበር ክብ ማህተም

ክብ ማህተም ያለበት ወረቀት ሲሰጠኝ እዚያው ቆሜ አላነበውም። አጥፌ ኪሴ እከተውና ቤቴ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው የምገልጠው። ባለቤቴ ትስቅብኛለች። «የልጅህ ትምህርት ቤት ለወላጅ ስብሰባ ጠርቶህ ነው እኮ፤ ምን ያስደነግጥሃል?» ትለኛለች። የማህተሙን ታሪክ ግማሹን ታውቀዋለች፤ የሚያስቀውን ግማሽ። ሌላውን ግማሽ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

የሚያስቀው ይህ ነው። ሃያዎቹን ስጀምር እኔና ሦስት ጓደኞቼ መርካቶ መሃል ለአንድ የአሜሪካ ሮክ ባንድ ማኅበር አቋቁመን ነበር። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ መዝገብና ማህተም ነበረን። ባንዱ ግን እኛን ቀርቶ መርካቶንም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ሰብሳቢያችን ከሰባተኛ ሰፈር ዝቅ ብሎ ካሴት የሚቀዳና የሚሸጥ ሰው ነበር። ሱቁ አምስት ሰው ከገባ ስድስተኛው በር ላይ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ናት። መንዙማ በቀኝ፣ መዝሙር በግራ፣ ዘፈን መሃል ላይ ይደረድራል። «ካሴቶቹ ተጣልተው አያውቁም፤ የሚጣሉት ገዢዎቹ ናቸው» ይል ነበር። ከእኛ በአሥር ዓመት ይበልጣል። አላገባም፤ ከታላቅ እህቱ ጋር ይኖራል። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

በጅቡቲ መስመር መኪና የሚነዳ ዘመዱ አንድ ቀን በካርቶን ስድስት ኦሪጅናል ካሴት አመጣለት፤ ስድስቱም የአንድ ባንድ። ፈረንጆቹ ሙዚቃውን ግራንጅ ይሉታል። ዝናብ ከማያባራበት የአሜሪካ ጥግ የተነሱ፣ ጸጉራቸውን ያላበጠሩ ሰዎች ናቸው። ሽፋኑ ላይ የለበሱትን ወፍራም ባለመስመር ሸሚዝ ሳይ ሳቄ መጣ። ከአባቴ ሱቅ ጀርባ በቦንዳ የሚራገፈው ሳልባጅ ነው። እኔም ያን ቀን የለበስኩት እሱኑ ነበር። ዘፈኑን ስሰማው ግን ሳቄ ቆመ። የሚለው ሁሉ አልገባኝም፤ የተቆጣ ሰው መሆኑ ግን ገብቶኛል፤ እኔም በዚያ ዕድሜዬ ምክንያቱን ሳላውቅ የተቆጣሁ ሰው ነበርኩ።

ሌሎቹ ሁለቱ እንደኔው በጆሯቸው ተጠልፈው የመጡ ናቸው። አንዱ ምን አለሽ ተራ ከአሮጌ በርሜል የከሰል ምድጃ የሚሠራ ብረት ቀጥቃጭ ነው። ቀኑን ሙሉ መዶሻ ሲሰማ ስለሚውል ካልጮኹበት አይሰማም፤ ሙዚቃም ካልጮኸ አይሰማውም። ሁለተኛዋ አትክልት ተራ ከእናቷ ጋር ሽንኩርት በጅምላ የምትሸጥ ልጅ ናት። አፏ ከምትሸጠው ሽንኩርት ይልቅ ያስለቅሳል። እኔ በአባቴ የብርድ ልብስ ሱቅ ውስጥ እሠራ ነበር።

ሰብሳቢው ኦሪጅናሉን ለማንም አያውስም ነበር። የሚቀዳልን ስልሳ ደቂቃ በሚይዝ ባዶ ካሴት ነው፤ አልበሞቹ ደግሞ ከዚያ ያልፋሉ። ስለዚህ ቅጂው ሁልጊዜ ጫፉ ይቆረጣል። የሦስተኛው አልበም የመጨረሻ ዘፈን በቅጂው ላይ፣ ዘፋኙ ረጅም ትንፋሽ ስቦ አንድ ነገር ሊል ሲል፣ ቀጭ ብሎ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚል ለማወቅ ኦሪጅናሉን መስማት ግድ ነው። ለምነን ለምነን ሲሰለቸው፣ «እንግዲያው እንደ ዕቁብ እናድርገው» አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንሰበሰባለን። ከሁለት ጣሳ እጣ ይወጣል፤ ከአንዱ ስም፣ ከሌላው የአልበም ቁጥር። የወጣለት ሰው ያንን ኦሪጅናል ለአንድ ሳምንት ቤቱ ይወስዳል። መጀመሪያ ግን ክርክር አለ፤ ሳይከራከር የሚወስድ የለም። የዘፈን መጨረሻ የሰማ ላልሰማ እንዳይናገርም ደንብ አወጣን።

ጸሐፊ የሆንኩት አባቴ የሰፈራችን እድር ሰብሳቢ ስለሆነ ነው። እጅ ጽሕፈቴ ያምራል ተብሎ ከልጅነቴ ጀምሮ የእድሩን ቃለ ጉባኤ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ሌላ አጻጻፍ አላውቅም። ስለዚህ የባንዱንም ክርክር እንደ እድር ጻፍኩት። «አጀንዳ አንድ፤ ሁለተኛው አልበም ከሦስተኛው ይበልጣል ወይስ አይበልጥም የሚለውን መወሰን። ከሰፊ ውይይት በኋላ በሁለት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ አይበልጥም ተብሎ ተወስኗል።» የተገኙ፣ በፈቃድ የቀሩ፣ ያለ ፈቃድ የቀሩ ተብሎ ይመዘገባል። ስብሰባው የሚከፈተው ያለፈው ሳምንት ቃለ ጉባኤ ተነቦ ሲጸድቅ ነው። በየገጹ ግርጌ ሁላችንም እንፈርማለን።

ክርክሩ የእውነት ነበር። ብረት ቀጥቃጩ ስድስተኛውን ካሴት፣ መድረክ ላይ የተቀዳውን፣ ከሌሎቹ ሁሉ ያስበልጣል። «ሰው ፊት ያልተዘፈነ ዘፈን ያልተበየደ ብረት ነው፤ ጠጋ ስትለው ይወላለቃል» ይላል። የሽንኩርቷ ልጅ አትለቀውም። «ያ ካሴት እኮ ግማሹ የሕዝብ ጩኸት ነው። ጩኸት ካማረህ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት አትክልት ተራ ና፤ በነጻ እናሰማሃለን።» ባንዱ በዚያን ጊዜ ያረጀ ባንድ ነበር። አብረዋቸው ከጀመሩት ገሚሱ ሞተዋል፣ ገሚሱ ተበትነዋል፤ እነሱ ብቻ ቀርተዋል። ብረት ቀጥቃጩ የኋላ የኋላ አልበሞቻቸው ለስልሰዋል ብሎ ያማል። እሷ ደግሞ፣ «ትኩስ ሽንኩርት በሳምንቱ ይበሰብሳል፤ የሚከርመው የደረቀው ነው» ትላለች። ሰብሳቢው ዝም ብሎ ሰምቶ ሰምቶ ሁልጊዜ ድምፀ ተአቅቦ ያደርጋል። ባንዱ አዲስ አበባ ቢመጣ በየትኛው ዘፈን ይክፈት በሚለው ላይ ሦስት ቅዳሜ ተከራክረናል። ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ግን በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

ማህተሙ የኔ ሐሳብ ነው። ይህን ደግሜ ደግሜ መናገር አለብኝ፤ የማንም ሳይሆን የኔ ነው። «ማህተም የሌለው ቃለ ጉባኤ ደብተር ነው» አልኩ አንድ ቅዳሜ። ሰብሳቢው ፈገግ ብሎ፣ «ተው፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆንብናል» አለኝ። እኔ ግን ልቤ ተንጠልጥሏል። ማህተም ቀራጭ ያለ ደብዳቤ አይሠራም። አባቴ ለምሳ ሲወጣ ከእድሩ ፋይል አንድ ባለአርማ ወረቀት መዘዝኩ። በዚያ በሚያምረው ጽሕፈቴ፣ «ለቅዳሜ ማኅበር፣ አዲስ ከተማ፣ ክብ ማህተም እንዲሠራልን» ብዬ ጻፍኩና የእድሩን ማህተም ራሴ መታሁበት። ሙዚቃ የሚል ቃል አላስገባሁም፤ ከገባ የባህል ቢሮ ፈቃድ አምጣ ይለኛል ብዬ ፈርቼ። ቀራጩ ደብዳቤውን አንብቦ ፋይሉ ውስጥ ሲያስቀምጠው ዓይኔ አየ። በማግስቱ ማህተሙን ወሰድኩ። የትም ያልተመዘገበ፣ ፈቃድ የሌለው ማኅበር፣ ዙሪያውን ኮከብ ያለበት ክብ ማህተም ያዘ።

ሰብሳቢው ሲያየው መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ። ቀጥሎ ግን እሱም ሳቀ፤ ሁላችንም ሳቅን። የእድር ወግ ነውና ማህተሙ ከሰብሳቢው፣ መዝገቡ ከጸሐፊው ዘንድ ይሁን ተባለ። አንዱ ያለ ሌላው ምንም እንዳይሠራ ነው። ማህተሙ በሱቁ መሳቢያ፣ መዝገቡ በእኔ ቤት ፍራሼ ሥር ተቀመጠ።

ከዚያ የምርጫው ዓመት መጣ። መጀመሪያ ከተማው በሙሉ እንደኛ ቅዳሜ ሆኖ ነበር። ታክሲ ውስጥ ክርክር፣ ሱቅ ውስጥ ክርክር፣ በየሬዲዮው ክርክር። ድምፅ ከተሰጠ በኋላ ግን ነገሩ ዞረ። ውጤቱ አጨቃጨቀ፤ ድንጋይ ተወረወረ፣ ጥይት ተተኮሰ፣ ሰው ሞተ። ክረምቱ በሹክሹክታ አለፈ። ለአደገኛ ቦዘኔ ትዕግሥት የለንም የሚል ንግግር ከሬዲዮ ይሰማ ነበር። ሥራ ያለኝ ሰው ነኝ፤ ግን መንገድ ላይ ሦስት ሆኜ ስቆም ቦዘኔ የሆንኩ ይመስለኝ ጀመር። አባቴ ጠዋት ሱቅ ስንከፍት፣ «ከማንም ጋር አትቁም፤ ዘመኑ የጆሮ ጠቢ ዘመን ነው» ይለኛል። ብርድ ልብስ ሊገዛ የገባ ሰው ሁሉ ዓይኑ ከብርድ ልብሱ ላይ የማይቆይ መሰለኝ።

ማኅበሩን ማቆም ነበረብን። አላቆምንም። እንዲያውም ከወትሮው ቀድመን መምጣት ጀመርን፤ ከተማው ውስጥ ሳንፈራ የምንከራከርበት የቀረን ነገር እሱ ብቻ ነበር። በሩን ገርበብ አድርገን፣ ድምፁን ቀንሰን እንሰማለን። ብረት ቀጥቃጩ ጆሮውን ማጉያው ላይ ለጥፎ ይቀመጣል።

ባለ ግራጫ ጃኬቱ የመጣው ያኔ ነው። ሠላሳን የተሻገረ፣ በአንድ የትራንስፖርት ድርጅት ጸሐፊ ነኝ የሚል፣ በመርካቶ ጭቃ ውስጥ ጫማው የማይቆሽሽ ሰው። አንድ ቅዳሜ ካሴት ሊያስቀዳ ገብቶ ክርክራችንን ሰማ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። በሦስተኛው ሳምንት አባል ልሁን አለ። ስለ ባንዱ ብዙም አያውቅም፤ አራተኛውን አልበም ከአምስተኛው አይለይም። ጥያቄ ግን ያበዛል። ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሰበሰቡት? ሌላ ቦታ ቅርንጫፍ አላችሁ? የሚቀዳው ካሴት ለስንት ሰው ይደርሳል? ስንስቅ አብሮን አይስቅም፤ አንዳችንን ከሌላችን እያፈራረቀ ያያል።

የሽንኩርቷ ልጅ በጆሮዬ፣ «ይሄ ሰውዬ ጆሮ ነው፤ ሞቼ እገኛለሁ» አለችኝ። እኔም አልተጠራጠርኩም። ድምፅ ሲሰጥ ተቃወምኩ። ሰብሳቢው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፀ ተአቅቦውን ትቶ ደገፈው። «ሰው በር አንኳኩቶ ሙዚቃ ልስማ ካለ በምን አንጀት ይመለሳል?» አለ። ብረት ቀጥቃጩ ምን እንደተባለ ሳይሰማ እጁን አወጣ። ሁለት ለሁለት ሆነ፤ የሰብሳቢው ድምፅ ያለበት ያሸንፋል የሚል ደንብ ነበረንና ሰውየው ገባ።

የመጨረሻው ቅዳሜ ክረምቱ ወጥቶ፣ ብርዱ የገባበት ሰሞን ነው። ብረት ቀጥቃጩ ጣሳዎቹን አንኳኳ። የኔ ስም ወጣ፤ ቀጥሎ ቁጥር ሦስት። ከአንድ ዓመት በላይ ስጠብቀው የኖርኩት ካሴት ነው። ሦስቱ ነባር አባላት የሰሙት ናቸውና አጨበጨቡልኝ። «ዛሬ አይተኛም!» አለችኝ ልጅቱ። ያኔ ባለ ግራጫ ጃኬቱ ወደ እኔ ዞሮ፣ «መዝገቡን ለአንድ ሳምንት ልታውሰኝ ትችላለህ? ከመጀመሪያው ጀምሬ ላነበው ፈልጌ ነበር» አለኝ። መዝገቡ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ብብቴ ሥር ነበር። «ቤት ረስቼዋለሁ» አልኩት። ሰብሳቢው ብብቴን አየ። ሰውየው፣ «ግድ የለም፣ ሌላ ጊዜ» አለና ወጣ።

ሌላ ጊዜ አልነበረም። ሁለት ቀን ሳይሞላ መርካቶ ተናወጠ። ጎማ ተቃጠለ፣ ሱቆች ተዘጉ፣ ተኩሱ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ ሆነ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ድንጋይ የወረወሩትን ፍለጋ ነው ተብሎ ታጣቂዎች ሱቅ በሱቅ ይፈትሹ ጀመር። አባቴ ቤት ቀርቷል። እኔ የሱቃችንን መዝጊያ እስከ ጉልበት ድረስ ዝቅ አድርጌ ወለሉ ላይ ተኝቼ አያለሁ። የካሴት ሱቁ ከኛ ፊት ለፊት ነው።

ሰብሳቢውን በር ላይ አቆሙት። ካሴቶቹን ከመደርደሪያ አወረዷቸው፤ መንዙማውም መዝሙሩም ዘፈኑም አንድ ላይ ጭቃው ውስጥ ተደባለቁ። አንደኛው መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ መዞ አወጣና ማህተሙን አገኘ። ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ አየው። ከዚያ እንደ ማንኛውም የቢሮ ሠራተኛ እህ ብሎ ተነፈሰበትና መዳፉ ላይ መታው። መዳፉን አንብቦ ጓደኛውን ጠራው።

«የምን ማኅበር ነው ይሄ?» ሲል ሰማሁት።

«የሙዚቃ ነው።»

«ሙዚቃ የት ተጽፏል? የማን ነው?»

ሰብሳቢው ቀና ሲል ዓይኑ በቀጥታ ወደ ሱቃችን መጣ። በመዝጊያው ሥር ያየኝ ይመስለኛል። ከዚያ ዓይኑን መለሰ።

«የኔ ነው። ራሴ ነኝ የቀረጽኩት» አለ።

ጭነት መኪና ላይ ሲያወጡት ጫማው አንዱ ወለቀ። መኪናው ከሄደ በኋላም ጫማው እዚያው ነበር። ወጥቼ ላነሳው እችል ነበር። አላነሳሁትም።

ያን ቀን ሦስታችንም ተለያየን። ብረት ቀጥቃጩ ወደ አገር ቤት ሄደ ተባለ፤ የሽንኩርቷን ልጅ እናቷ ከቤት እንዳትወጣ ከለከለቻት። በእኔ ፍራሽ ሥር መዝገቡ፣ በትራሴ ሥር ካሴቱ ነበሩ። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማህተሙ ወደ ቀራጩ፣ ቀራጩ ወደ ደብዳቤው፣ ደብዳቤው ወደ እጅ ጽሕፈቴ ይመራል። በእድሩ ወረቀት ነውና አባቴንም ይነካል። የፈራሁት ለአባቴ ነው እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። ውሸት ነው። የፈራሁት ለራሴ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት የሰብሳቢው እህት ወደ ሱቃችን መጣች። ረጅም፣ ዘወትር ነጠላዋን አጥብቃ የምታስር ሴት ናት። ያን ቀን ነጠላዋ መሬት ይጎተት ነበር።

«ከከተማ ዳር ወደሚገኘው እስር ቤት አዛውረውታል» አለችኝ። «ማኅበሩ የምን እንደሆነ ተናገር ነው የሚሉት። የዘፈን ነው ቢላቸው አላመኑትም። መዝገብ አላችሁ አይደል? እሱን ቢያዩ እኮ ወንድሜን ስቀው ይለቁታል። አንተ ጽፈህበት የለ? ይዘኸው ና፤ አብረን እንሂድ።»

«እመጣለሁ እትዬ» አልኳት። «አርብ ይዤው እመጣለሁ።»

እውነቷን ነበር። መዝገቡን ያገላበጠ ሰው በሁለት ገጽ ውስጥ የሚያገኘው የአራት ጅሎችን ጨዋታ ነው፤ የመድረክ ካሴት ይሻላል፣ የለም የስቱዲዮው ይሻላል፣ ሽንኩርት፣ ብየዳ። ያንን ሰው ሊያስፈታ የሚችል አንድ ነገር በዓለም ላይ ቢኖር ፍራሼ ሥር ያለው መዝገብ ነው።

አርብ ሄድኩ። ይህን ለራሴ እመሰክራለሁ፤ ሄጃለሁ። መዝገቡን ሸሚዜ ውስጥ ከትቼ በሁለት ታክሲ ሄድኩ። በሩ ላይ ስንቅ የሚያቀብል ሰው ሰልፍ እስከ አስፋልቱ ድረስ ወጥቷል። ሁሉም ምሳ ዕቃ ይዟል፤ የሚያወራ ሰው የለም። እህቱን በዓይኔ ስፈልግ ከሰልፉ ፊት፣ ከዘበኞቹ አጠገብ፣ ግራጫ ጃኬት አየሁ። ጫማው ንጹሕ ነው። ከአንዱ ዘበኛ ጋር ጎንበስ ብሎ ይነጋገራል። ዞር ሲል አየኝና እጁን አነሳ። ና የሚል ይመስል ነበር።

ሮጥኩ። ሰው እያየኝ አስፋልቱን ተሻግሬ ሮጥኩ። በመጀመሪያው ታክሲ የት እንደሚሄድ ሳልጠይቅ ገባሁ።

ቤት ስደርስ ከሰል አቀጣጠልኩ። ምድጃው የብረት ቀጥቃጩ ሥራ ነው፤ በማኅበሩ ስም በነጻ የሠራልኝ። መዝገቡን ገጽ በገጽ ቀድጄ አቃጠልኩት። ፊርማዎቻችን ከጽሑፉ ይልቅ ዘግይተው የሚጠፉ መሰለኝ። እናቴ ምን እያቃጠልክ ነው ብትለኝ፣ የድሮ ደብተር ነው አልኳት። ወባ እንደያዘው ሰው ሦስት ቀን ተኛሁ። እህቱ ከዚያ በኋላ ወደ ሱቃችን አልመጣችም። መንገድ ላይ ከሩቅ ሳያት በሌላ መንገድ እዞራለሁ። ካሴቱን አልሰማሁትም። ያን ቅዳሜና እሑድ ሰፈራችን መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ቴፑ ውስጥ ልከተው አልደፈርኩም።

ወራት አለፉ። ቀራጩ ዘንድ የሄደ ሰው የለም። እኔን የጠየቀ ሰው የለም። ይህ ማለት ሰብሳቢው በየቀኑ፣ ለሚጠይቀው ሁሉ፣ ራሴ ነኝ የቀረጽኩት እያለ ነበር ማለት ነው። ይህን ማወቅ ከመታሰር የሚሻል ይመስል ይሆናል። ለእኔ ግን ጠዋት ጠዋት የሱቃችንን መዝጊያ ስከፍት ፊት ለፊት የተዘጋውን በር ማየት ነበር።

በሰባተኛው ወር በሩ ተከፈተ። ክስ ሳይመሠረትበት ፈቱት። ከስቷል፤ ግራ እጁን ሲያነሳ ትከሻው አብሮ አይነሳም። ባዶ መደርደሪያውን በጨርቅ ሲወለውል ቆሜ አየሁት። ሄጄ እግሩ ላይ መውደቅ ነበረብኝ። አባቴ፣ «ሂድ፣ እንኳን ለቤትህ አበቃህ በለው እንጂ!» እስኪለኝ ድረስ ከሱቃችን አልወጣሁም። ስደርስ በአንድ እጁ አቀፈኝ። «ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት» አለኝ።

ቅዳሜ ሁላችንም መጣን። ብረት ቀጥቃጩ ከአገር ቤት ተመልሷል። የሽንኩርቷ ልጅ ገና ስትገባ አለቀሰች። አምስተኛው በርጩማ ላይ ባለ ግራጫ ጃኬቱ ተቀምጧል። ልጅቱም ስታየው በሩ ላይ ቆመች።

«ተቀመጡ» አለን ሰብሳቢው። «ታውቁታላችሁ። አርብ አርብ ከእህቴ ጋር ምሳ ያመጣልኝ እሱ ነው። ከዘበኞቹ አንዱ የአገሩ ልጅ ነው፤ እየለመነ ነው ስንቁን ያስገባልኝ። አንድም አርብ አላጎደለም።»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ እኔ አየ። «አንድ አርብ አንተንም በሩ ላይ ያየሁህ መስሎኝ ጠርቼህ ነበር» አለኝ። «ሰው ተመሳስሎብኝ ይሆናል።» ሲናገር ፊቱ ላይ ክፋት የሚባል ነገር አልነበረም። መጠየቅ ያበዛ የነበረው ምንም ስለማያውቅ ነው፤ የማይስቀው ቀልዳችን ስለማይገባው ነው። መዝገቡን የፈለገው እኛ የደረስንበት ለመድረስ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የኔ ዓይንም ባዳ ነበር።

«እሺ፣ ስብሰባው ይከፈት» አለ ሰብሳቢው። «ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበብልን።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ካሴት ቁጥር ሦስትን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፤ ሌላ የምሰጠው ነገር አልነበረኝም።

«መዝገቡ የለም» አልኩ።

ማንም የት ሄደ አላለኝም። ሰብሳቢውን እህቱ ነግራዋለች፤ አርብ ይዤው እመጣለሁ ማለቴን ያውቃል። ሰብሳቢው ካሴቱን አንስቶ አገላብጦ አየው፤ ከዚያ በደህና እጁ ከመሳቢያው ውስጥ አዲስ ደብተር አወጣ። ደብተሩንና እስክሪብቶውን ፊት ለፊቴ አስቀመጠ።

«ካለፈው እንጀምር» አለ። «የሰባቱን ወር መገኘት በአንድ ገጽ እናስገባው፤ መዝገቡ ክፍት እንዳይሆን። ጻፍ።»

ጻፍኩ። ራሱን፣ «በፈቃድ የቀረ» ብሎ አስጻፈኝ፤ ብረት ቀጥቃጩ ሳቀ። ብረት ቀጥቃጩንና ልጅቱን፣ «በፈቃድ የቀሩ» አለ። ባለ ግራጫ ጃኬቱን፣ «የተገኘ» አለ። ከዚያ የኔ ተራ ደረሰ። እኔ እስክሪብቶውን ይዤ ጠበቅኩ። በልቤ፣ ያለ ፈቃድ በል፣ እባክህ ያለ ፈቃድ በል እያልኩ ነበር። ቢለው አልቅሼ ሁሉንም እናገር ነበር፤ ደብዳቤውን፣ ሰልፉን፣ እሳቱን።

«ጸሐፊ» አለ፤ ድምፁ እንደ ወትሮው ዝቅ ያለ ነው። «በፈቃድ የቀረ።»

ቀና ብዬ አየሁት።

«ጻፈው እንጂ» አለኝ። «ፊርማህንም አስቀምጥ።»

በዚያ በሚያምረው ጽሕፈቴ ጻፍኩት፤ ከሥሩም ፈረምኩ። ከዚያ ሰብሳቢው ካሴቱን ቴፑ ውስጥ ከቶ የመጨረሻውን ዘፈን ሲከፍት፣ አባቴ እየጠበቀኝ ነው ብዬ ዋሽቼ ተነስቼ ወጣሁ። ዘፋኙ ትንፋሹን ስቦ ምን እንደሚል ዛሬም አላውቅም።